አሥራ አንደኛዋ ብሎን

ላይፕዚግ። ኅዳር ወር። ገና በአሥር ሰዓት መንገዱ መብራቱን ለኩሷል፤
ሦስት ቁጥር ትራም ባለፈ ቁጥር የሱቃችን መስታወት ይርዳል።
ፍራው ሮስቪታ ገባች፣ ላፕቶፑን በኩሽና ፎጣ ጠቅልላ፣
እንደ ታመመ ድመት፣ ከዝናቡ ከልላ።

«የኤክሃርት ነው» አለች፣ «የባለቤቴ። ይግላል፣ ይጮኻል፣
ጭኔ ላይ ሳኖረው ቀሚሴን ያልፍና ቆዳዬን ይፈጃል።»
«እሱስ?» አልኩ፣ አፌ ቀድሞኝ።
«በመስከረም» አለች። ሌላ አልጨመረችልኝ።
አለቃዬ ቱዋን ከጥግ፣ ከሻዩ እንፋሎት ጀርባ፦
«ሠላሳ አምስት ዩሮ። ደቂቃው አርባ።»

ገለበጥኩት።
ሆዱ ላይ አሥራ አንድ ቀዳዳ፤ ብሎኑ ግን አሥር፤
አንዱ ባዶ ነው፣ ጥርስ እንደ ወለቀበት ድድ ሥር።
የሌሎቹም ራስ ተፍቋል። በቢላ ጫፍ የታገላቸው ሰው አለ፣
ትዕግሥቱ እስኪያልቅ፣ ሌሊት ይሆናል፣ ሚስቱ ተኝታ ሳለ።
የላስቲክ ቁራጭ ደርቤ፣ ካቻቪቴዬን ተጭኜ አዞርኩ፤
አንድ በአንድ ወጡ፤ በወጡበት ተራ በእንቁላል ካርቶን ደረደርኩ።
መጀመሪያ የባትሪው ገመድ፤ ነፍስ ሳይወጣ እጅ አይገባም፤
ቀጥሎ ሪባኑ፣ በጥፍር፤ እሱ ከተቀደደ ሌላው ልፋት አይረባም።

በቋንቋዬ መፍታት ብዙ ነው፦ ቋጠሮ ይፈታል፣ ትዳር ይፈታል፣
ሕልም ይፈታል፤ ለሞተም ሰው ቄሱ ፍታት ይፈታል።
ይህን ለፍራው ሮስቪታ በየትኛው ጀርመንኛ ልንገራት?
ዝም ብዬ ፈታሁት። ቆማ ነበር፤ በእግሬ ወንበር ገፋሁላት።

ማራገቢያውን ሳነሳው፣ እንደ ባና የጠጠረ አቧራ፤
የዳቦ ፍርፋሪ፣ የእርሳስ ቅራፊ፣ የቢጫ ድመት ፀጉር አብሮ ተጋግሮ፣
አንድ ነጭ የጢም ፀጉርም። ብሩሼን አቆምኩ። እሷም አየችው፤
«የእሱ ነው» አላለችም። በጣቷ ጫፍ ብቻ ነካችው።

በጥጥና በአልኮል የደረቀውን ቅባት ከቺፑ ላይ ጠረግሁ፤
በእሱ ቦታ የምስር ፍሬ የምታህል አዲስ አደረግሁ።
ያኔ ከማራገቢያው ክንፍ ሥር ቅጭል ብላ ወደቀች፤
አሥራ አንደኛዋ! ለካ ውስጥ ነበረች።
ከኤክሃርት እጅ አምልጣ የገባች፣ ፈልጎ ያላገኛት፤
ክንፉ በዞረ ቁጥር ስንት ዓመት ሲያላጋት።

መልሼ ገጠምኩት። አሥራ አንዷም ቦታዋን ያዘች።
ቁልፉን ተጫንኩ፦ ብርሃን አለ፤ ድምፅ የለም።
«ሥራ እንዲህ ነው» አለ ቱዋን፤ ከእሱ ይህ ትንሽ አይደለም።
እሷ ግን ጆሮዋን አስጠጋች። ጠበቀች። ፊቷ ወረደ፤
«ድምፁስ? ቀጭ ቀጭ የሚለው… የት ሄደ?

«እንቅልፍ ሲያጣ ሳሎን ተቀምጦ ይጽፍ ነበር፤
እኔ አልጋዬ ላይ ያን ስሰማ፣ አለ እላለሁ፤ መልሼ እተኛ ነበር።
ደግሞ ሲያናድደኝ! ‹አሠራው› እያልኩ ስንቴ ጮኼበታለሁ።
ይኸው አሠራሁት። ምን አድርጌያለሁ?»

የፈታሁት ሁሉ ገጥሟል፤ ቃል ብቻ አልገጠመልኝም።
ብሎኗን መልሼ ውስጡ ብጥላት ቦርዱን ታቃጥላለች፤ እጄ ይህን ያውቃል።
ገለበጥኩትና አሥራ አንደኛዋን ፈታኋት። በአሥርም ይዘጋል።
ቱዋን የሚንት ከረሜላውን ቆርቆሮ ጠረጴዛው ላይ አራገፈ፤
ቃል ሳይናገር ባዶውን ወደ እኔ ገፋው።
ብሎኗን ከትቼ ከደንኩት። ፍራው ሮስቪታ ጆሮዋ ሥር ነቀነቀችው።
ቀጭ።

ሠላሳ አምስቷን ዩሮ ቆጥራ ሰጠች። ላፕቶፑን በፎጣው ጠቀለለች፤
ቆርቆሮውን ኮቷ ኪስ አድርጋ ዝናቡ ውስጥ ገባች።
ትራሙ እስኪመጣ በመስታወቱ አየኋት።
እጇ ከኪሷ አልወጣም፤
ኮቷ በዚያ በኩል ትንሽ ትንሽ ይነቃነቅ ነበር።