ባሕር ዳርቻ፣ ኮምቦልቻ

ሳምንቱን ሙሉ የሰው ጠብ ስጽፍ ሰነበትኩ፤
«ወሰኔን ገፋ»፣ «አጥሬን ነቀለ»፣ «ሰደበኝ» እያልኩ፣
የማላውቀውን ቂም በጣቴ እየቀጠቀጥኩ።
ዓርብ የችሎቱን ማኅተም መሳቢያ ውስጥ ቆለፍኩ።

ጦሳ ፊቱን ሳይታጠብ፣ ቅዳሜ ጠዋት፣
«ተነሥ» አልኩት ውሻዬን፣ «እንውረድ፣ ምናለበት።»
ስሙ ነው። ያኔ፣ የጫማ ሳጥን አልጋው ሳለ፣
አከራዬ በር ላይ ቆማ «ደግሞ ውሻ?» ስትለኝ
ከአፌ ያመለጠ፣ እዚያው የጸናለት።

መናኸሪያ ረዳቱ አየንና ሣቀ፣
«ለሱም ትከፍያለሽ?» ብሎ ጠየቀ።
ከፈልኩ። የሙሉ ሰው።
ከኋላ ወንበር፣ በሽንኩርት ጆንያና በአንዲት ሙሽራ ሻንጣ መሐል፣
አገጩን ጫማዬ ላይ ጥሎ፣
በየጠመዝማዛው እንደ ሽማግሌ እያቃሰተ ወረደ።
ጆሮዬ ጧ አለ። ሹራቤን አወለቅኩ።
አየሩ እንደ ተረሳ ሻይ ለብ እያለ ሄደ።

ሰማያዊ ቆርቆሮ፣ በነጭ ቀለም የተጻፈበት፦
«ባሕር ዳርቻ ማረፊያ፣ ኮምቦልቻ»።
የቱ ባሕር? ከአጥሩ ሥር ያለው ቦርከና ብቻ፤
እሱም በጋ ነውና እስከ ቁርጭምጭሚት ብቻ።

ጋሽ እንድሪስ፣ በሽርጥ፣ በራፉ ላይ።
ሻንጣዬን አዩ። እኔን አዩ። ከዚያ ዝቅ ብለው እሱን።
«ክፍል አለ፣ እህቴ። ውሻ ግን አይገባም፤
እሰግድበታለሁ፣ ልብሴን ይነካብኛል፣ አይሆንም።»
አፌን ሳልከፍት ገመዱን ነጥቆኝ
ግቢውን ሊያሸት ገባ።
«ምናለበት!» ብዬ ጮህኩ።
«እንዴ! ያለበትንማ ነገርኩሽ!»
«አይ፣ እሱን ነው የጠራሁት። ስሙ ነው።»
ዝም አሉ። ትከሻቸው ቀድሟቸው ሣቀ፤
ሣል እስኪይዛቸው፣ ዓይናቸው እንባ እስኪያፈልቅ።
«ታዲያ ‹ሂድ ምናለበት› ብዬ እንዴት ላባርረው?
ከዘይቱናው ሥር ይደር። ምንጣፌን እንዳይደርስብኝ።»

ከሰዓት ወንዝ ወረድን። ደሴ ያደገ ውሻ
ውሃን የሚያውቀው ከላይ ሲወርድበት ነው፤
ተኝቶ የሚሄድ ውሃ አይቶ አያውቅም።
ጮኸበት። ሸሸው። ተመለሰ። በአንድ እግሩ ጠየቀው።
ኋላ መሐሉ ገብቶ እንደ ባላባት ተቀመጠ።
እኔም ጫማዬን ጣልኩ፤
ተረከዜ ፀሐይ ካየ ስንት ዓመቱ?

ማታ፣ በኩራዝ (መብራት ሄዷል)፣ ጋሽ እንድሪስ፦
«አሥራ አንድ ዓመት አሰብ ተመላለስኩ፣ በፊያት።
መንገዱ ከዚህ ቁልቁል ነው፣ ባቲን አልፎ፣ ሚሌን አልፎ፤
መሪውን ብለቀው መኪናው ብቻውን ባሕር ይደርስ ነበር።
ታዲያ ይኼ ዳርቻ አይደለም?
ባሕሩ ራቀ እንጂ ዳርቻው አልተነሣም።»

ኩራዙን አጠበቡ። ድምፃቸውም አነሰ።
«ወደቡ ላይ አንድ ውሻ ነበር፣ ዓሣ ሌባ፤
ከጎማዬ ጥላ ይተኛል። አልነካሁትም፣
ምሳዬን ግን እኩል በላ።
የመጨረሻ ጊዜ ስነሣ እስከ ኬላው ተከተለኝ፤
የምጠራበት አጥቼ፣ ክላክስ ብቻ ነፋሁለት።
ስም … ምናለበት ባወጣሁለት።»

ከዘይቱናው ሥር
አንድ ጆሮ ቀና አለ።

ሌሊቱን ከባድ መኪኖች አስፋልቱን ሲያልፉ
እየመጡ ይጎርፋሉ፣ እየራቁ ይከስማሉ፤
ባሕር ሰምቼ አላውቅም፤ እሱ ነው ብዬ ተኛሁ።

ንጋት ላይ ወጣሁ። ጋሽ እንድሪስ ምንጣፋቸው ላይ፣
ግንባራቸው መሬት።
ምናለበት ጎናቸው፣ ከጠርዙ አንዲት ጣት ርቆ፣
መዳፎቹን ገጥሞ ተኝቷል።
የዓመት የወሰን ክርክር ጽፌያለሁ፤
እንዲህ ያለ ወሰን አላየሁም።

እሑድ ማታ ዳገቱን ስንወጣ ጉሙ ተቀበለን።
ሹራቤን ለበስኩ። ጠጉሩ አሁንም ቦርከና ይሸታል።
ኪሴ ውስጥ የማረፊያው ደረሰኝ፣ በእስክሪብቶ፦
አንድ ክፍል። እንግዳ፣ ሁለት።
ብዙ ሐሰተኛ ሰነድ አሳልፌያለሁ፤
ይህን ግን ያለ ማኅተም አምኜዋለሁ።