የተረኛ መዝገብ

ቁልፉን አስረከቡኝ፣ መዝገቡን ጨምረው፣
በማኅተም፣ በፊርማ ሹመቴን አሳምረው።
ከሆስፒታሉ ጓሮ፣ ከልብስ አጠባው ቤት፣
አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ አንሶላ ካሸሁበት፣
ተቀመጥኩ በወንበሯ፣ በሸምሲያ ቦታ፣
አንድ እግሩ ላጠረው ካርቶን ነው መከታ።

ደግ ነበረች አልልም፤ ምላሷ ኮምጣጣ፣
ጩኸቷ ጎረቤት ከቤት የሚያስወጣ፣
አንድ እፍኝ ሳሙና በከንቱ ከባከነ
ያ ቀን ለሁላችን ጨለማ ቀን ሆነ።
ስም እንኳ አትይዝም፤ ትርሲትን «ሙሉነሽ»፣
ሙሉነሽን ደግሞ «አንቺ፣ ማን ነበርሽ?»
በአፏ ያምታታችውን፣ እርሳስ ስትይዝ ግን፣
አንድም ጊዜ አልሳተች የማናችንንም ቀን።

እኛም አማናት። በሻይ ሰዓት፣ ከልብሱ ገመድ ሥር፦
«ሌሊት የምታድረው ትርፍ ሰዓት ልትቆጥር፣
ጅሬን ለጀመረችው ቤት ቆርቆሮ ልትደረድር።»
እኔም ብያለሁ። ዛሬ ምን ያስዋሸኛል?
ነስሩ ከሳቀልኝ ሌላም ያስጨምረኛል።

ትናንት ማታ አማቼ ሹመቴን ሲመርቅ
«ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» አለኝ፣ ሆኖ ሳቅ በሳቅ።
አብሬው ሳቅሁ። ምን ላድርግ።
የጠዋቱ ፈረቃ፣ በመስኮቱ በኩል፣ ፀሐይ ያለበት፣
የእኔ ነው ብዬ አሰብኩ፣ ከዛሬ ጀምሮ እስከ ጡረታ ዕለት።

መዝገቡን ገለጥኩት፤ ክሎሪን ይሸታል፣
ስም በላጲስ ጠፍቶ ሌላ ስም ተጽፏል።
የገና ሌሊት፦ ሸምሲያ።
የፋሲካ ሌሊት፦ ሸምሲያ።
ይሁን። ሙስሊም ናት፤ የእኛ በዓል ምኗ ነው? አልኩኝ፣
ቀጥሎ ያለው ገጽ ግን ጣቴን ያዘብኝ፦
የአረፋ ሌሊት፦ ሸምሲያ።
ከስሟ ሥር ላጲስ ያልጨረሰው የደበዘዘ ስም፣
ወደ አምፖሉ ብይዘው፦ ዳምጤ። የእኔው ስም።

ትዝ አለኝ።
ክረምት ነው። የጅማ ዝናብ ቆርቆሮውን ይደበድባል፣
ትንሿን ልጄን ወባ ያንቀጠቅጣታል።
ለማንም አልነገርኩ። ማሽኑ ሥር ቆሜ
አንዱን አንሶላ አጥባለሁ፣ ደግሜ ደግሜ።
መጣች። «እንፋሎቴን ቆመህ አትጨርስብኝ፣
ሂድ ወደ ቤትህ!» አለች፤ እንደ ስድብ አመመኝ።
ወጣሁ። እስከ ቦሳ ድረስ በልቤ እየሰደብኳት፤
የእሷ አረፋ፣ ደም ከነካው አንሶላ ጋር ነጋላት።

ፋይናንስ ሄጄ ጠየቅሁ።
ከበቡሽ፣ ካልኩሌተሯን ሳትለቅ፦
«ኃላፊ ትርፍ ሰዓት አይከፈለውም። አንተም አታገኝም፤ ይታወቅ።»

ቅዳሜ ሄርማታ ገበያ ቲማቲም ስትመርጥ አየኋት፣
ከጡረታ ፊቷ ላይ ቁጭት ፈልጌ አጣሁባት፤
ያዘነችው ሥር ለተደበቀች አንዲት ፍርጥ ቲማቲም ብቻ ነው።
«ነስሩ! ልጅህ ደህና ነች?» አለችኝ።
ነስሩ አይደለሁም።
ልጄ ግን ደህና ነች። «ደህና ነች» አልኳት።

አሁን ባዶው ገጽ ፊቴ ነው። ታኅሣሥ እያለቀ ነው።
ሁሉንም ደርድሬ አንዲት ሌሊት ቀርታለች።
ነስሩን ጻፍኩ። ተገቢ ነው፤ በዓሉ አይደለም፤ ማንም አይከሰኝም።
ሚስቱ የመውለጃዋ ወር ገብቷል። ፋቅሁት።
ትርሲትን ጻፍኩ። እናቷ ከሊሙ ይመጣሉ፣ በዓመት አንዴ።
ፋቅሁት።
ወረቀቱ ሳስቷል፣ ላጲሱም አልቋል፣
ወንበሩ፣ ካርቶኑ ሸሽቶት፣ ከሥሬ ይዋዥቃል።
እርሳሱን በምላሴ አረጠብኩ፦

የገና ሌሊት፦ ዳ