ጠጠር

ስጀምር አንድ ጣሳ፣ አንድ ብረት ምጣድ፣
ደብረ ሲና መንገድ፣ በዚያ ጉም፣ በዚያ ብርድ።
ገብሱ ከመንዝ ደጋ፣ ለውዙ ከይፋት ቆላ፣
እኔ በኩራዝ ብርሃን ሌሊቱን ስቆላ፤
አንዷን ፍሬ ካንዷ በጣቴ ስለያት፣
ጠጠር ገብስ መስላ ተጋድማ ሳያት፣
ከሰፌዱ ጫፍ ላይ በጥፍሬ ሳባርራት፣
አንዳንዴም እንደ ሰው «ሌባ!» ብዬ ስጠራት።

የደሴው አውቶብስ ሲቆምልኝ ላፍታ፣
በመስኮት ዘርግቼ አንድ እፍኝ ስጦታ፣
«ቅመሱ፤ ካልጣመ አትግዙ» እል ነበር፤
እጄ ይንቀጠቀጣል፣ በብርድም፣ በፍርሃትም ጭምር።

ከዚያማ
ፍርሃቱ ገንዘብ ሆነ፣ ገንዘቡ ቆርቆሮ፣
ቆርቆሮው ሱቅ ሆነ፣ መጋዘን ከጓሮ፤
«የአጸደ ቆሎ» ይላል ታፔላው በቀይ፣
ከላይ ከመታጠፊያው ጉም ሲገልጥ የሚታይ።
የሚለቅሙ ሁለት፣ የሚቆላ አንድ ቀጠርሁ፤
ከገንዘቡ ሳጥን ኋላ ባለ ትራስ ወንበር ላይ ተሰየምሁ።
ጋቢዬን ደርቤ ብር ብቻ ስቆጥር
ጣቴ መለየት ረሳ ገብሱን ከጠጠር።
ሰው «ሥራ እንዴት ነው?» ሲል «ስሙ ይሸጣል» አልሁ፤
ለጊዜው እውነት ነው፤ መቼ ዋሸሁ?

ጋሽ ባንቴ የሚሉት፣ የኤፍኤስአር ሾፌር፣
በሳምንት ሁለት ቀን በሬን ሳይረግጥ የማይቀር፣
አንድ ማክሰኞ አለፈ፣ ክላክሱን ነፋና።
ሐሙስም አለፈ። «ቸኩሎ ነው» አልሁና
ሂሳቤን ቀጠልሁ።
በሦስተኛው ሳምንት
ማዶ ቆሞ አየሁት፣ ከልኬለሽ ጠረጴዛ ፊት፤
ታፔላ የሌላት፣ ዣንጥላዋ የተቀደደ፣
ትናንት የመጣች ልጅ! ሆዴ ነደደ።

ተሻግሬ ጠየቅሁት። ሳቀና ስለ መንገድ አወራኝ፤
«አጸደ» አለኝ፣
«ዳገት ራሱ ያነቃል፤
ሞተሩ ሲያቃስት እንቅልፍሽ ይርቃል።
ከጣርማበር ወዲህ፣ መንገዱ ሲለሰልስ፣
መሪው ሲቀልልሽ፣ ነፋሱ ሲነፍስ፣
ያኔ ነው ማርሽ ቀንሰሽ እግርሽን ፍሬን ላይ የምታኖሪ።
ገደል የገባውን መኪና ሁሉ ቁልቁለት ላይ ቁጠሪ።»

ስለ ቆሎ አንድም ቃል አልተናገረኝ።
ልኬለሽ ግን አፍራ አንድ እፍኝ ዘገነችልኝ፤
እጇ ይንቀጠቀጣል።
ያን እጅ አውቀዋለሁ።

ማታ ሱቅ ዘግቼ ከራሴ እሽግ አንዱን ቀደድሁ፤
ከቀመስሁት ስንት ጊዜ ሆነኝ? ብዬ አሰብሁ።
ዓመት? ሁለት ፋሲካ?
በሦስተኛው ዝግን፣ ቀጭ!
የመንጋጋዬ ጥግ ተሸርፎ ወጣ፤
ደም አልነበረውም፤ ጠጠር ይዞ መጣ።
ተቆልታለች፣ ወዝታለች፣ ከገብሱ እኩል ገርጥታ፤
ያችው የድሮዋ ሌባ፣ በኔው ስም ተሸፍና፣ ታሽጋ፣ ተኝታ።

ስንቱ ይሆን የነከሳት? ስንቱስ ዝም አለ?
የሚቆጣ ደንበኛ ገና በር ላይ አለ፤
ዝም ያለው ነው የሄደው፣ አስፋልት ተሻግሮ፣
ሰላምታ ሳይነፍገኝ፣ ቆሎዬን ግን ቀይሮ።

ጠዋት ልጆቹን ልቆጣ ገስግሼ ሄድሁ፤
ከግድግዳው ላይ ግን የራሴን ሰፌድ አየሁ፤
ሸረሪት አድርታበታል፣ በትጋት፣ ቀን ከሌት፤
እሷስ ሥራዋን አልተወች! ቁጣዬን ዋጥሁት።

ቆሎ ለዘር አይሆንም ይላል ያገሬ ሰው፤
ለገበሬ መስሎኝ ጆሮ የነፈግሁት ይኸው።
ትናንት የቆላሁት ስም አይበቅልም ዛሬ፤
በየማለዳው ነው የሚገዛ ጥሬ።

ወንበሩን አልሸጥሁትም፤ ወገቤም አርጅቷል፤
ከሳጥኑ ኋላ ግን ወደ ሰፌዱ ዳር ተዛውሯል።
ጠጠሯን ከሳንቲም ጋር ሳጥን ውስጥ አኖርኋት፤
መልስ በሰጠሁ ቁጥር በጣቴ ልነካት።

ጋሽ ባንቴ እስከ ዛሬ አልቆመም። ትናንት ክላክስ ነፋ፤
እጄን አነሳሁለት፤ ይህን ያህል ነው ተስፋ።

ማዶ፣ ልኬለሽ ባለ ትራስ ወንበር ገዛች ሰሞኑን።
ልንገራት ወይስ ልተዋት?
እየለቀምሁ አስባለሁ ይኸንን።