ሃምሳና ስድሳ

ጉዳይቢያ ውስጥ ነው፤ ከመጋረጃው ሱቅ ፎቅ ላይ፣
በስፖንጅ የተለበጠ፣ መስኮቱ የማይታይ
አንድ ክፍል አለ።
ስምንት ወንበር አለው፤ ስምንተኛው ያነክሳል፣
አርብ አርብ ከእኔ ጋር አብሮ ይወዛወዛል።

መምህራችን ቢጁ፣ የኬረላ ተወላጅ፣
ሃያ ዓመት በማናማ የሠርግ ድምፅ አዘጋጅ፣
«ወረቀት ለቪዛ ነው፤ ዲፕሎማው ግን ጆሮ»
ይለናል፣ ገመዱን አንዴ ከላይ አንዴ ከታች አዙሮ።
ገመድ መጠቅለል ነው የመጀመሪያው ትምህርት፤
በክርኑ ለጠመጠመ ከቢጁ የለም ምሕረት።

ሮሜል ሆቴል ከበሮ ይመታል፤ ክፍል ውስጥ እንቅልፍ ነው ምሱ፤
ጃሲም አባቱ የሠሩለት ስቱዲዮ አለው ለራሱ፤
እኔ የሰው ቤት ነኝ፤ ማዳመጫዬ ሁለት ዲናር፤
የተመዘገብኩበት ብር የወንድሜ ባጃጅ ነበር።

ባለፈው አርብ ቢጁ፣ መብራት አጥፍቶብን፣
ሁለት ጥዝዝታ በየተራ አሰማን።
«ልዩነቱን ንገሩኝ።»
ጃሲም «አንድ ነው» አለ፣ ከስልኩ ቀና ሳይል፣ እጁን ሳያነሣ፤
እኔ ግን ያንዱን ድምፅ አውቀዋለሁ፣ እንደ ጠባሳ።

«ሁለተኛው፣ ቀጭኑ፣ የደማም ነው» አልኩት፤
ስድስት ዓመት ጆሮዬን አስደግፌ የተኛሁበት፣
የዕቃ ቤቱ ፍሪጅ፤ መኝታዬም እዚያው፣
ማዳም እስክትጠራኝ የማወጋው እሱን ያው።
የነጠላ ጫማዋን ቁጣ ከሦስት ክፍል ማዶ መለየት፣
የሊፍቱን ሳል፣ የበሩን ቁልፍ፣ አንዴ ነው ወይስ ሁለት፣
የልጁን የእውነት ለቅሶ ከውሸቱ ለቅሶ፤
ማን ፈተና ሰጠኝ? ማንስ አረመኝ መልሶ?

ወፍራሙ ግን...
ወፍራሙ የደማም አይደለም።
ሐርቡ ነው፤ ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ያለው ትራንስፎርመር፣
ሲያካፋ ሽቦው ላይ ሲያጉረመርም የነበር፣
ደብተሬን ደረቴ ላይ ይዤ በሥሩ ስሄድ፤
ስምንተኛ ክፍል ላይ የተቆረጠው መንገድ።

ቢጁ መብራቱን አበራ። ጥቂት ዝም አለ።
«ስድሳ ሄርትዝ ሳዑዲ፤ ሃምሳ እዚህ፤ ሃምሳ ያንቺም አገር።
ይህን ለመለየት እኔን ፈጅቶኛል ሁለት ዓመት ከወር።»
ከዚያ ቀስ ብሎ፦ «ረውዳ፣ ሐሙስ ማታ ሙሐረቅ ሠርግ አለ።
የሴቶቹ አዳራሽ ወንድ አያስገባም፤
እስከ ዛሬ ከበር ውጪ ቆሜ፣ በግምት ነው የሠራሁት።
ሚክሰሩን አንቺ ያዢልኝ።»

ሐሙስ።
የእኔ ዕረፍት አርብ ናት።
ማዳምን ፈቃድ መጠየቅ፣ እሱም የድምፅ ሙያ ነው፤
ከፍ ካለ ይሰነጠቃል፣ ዝቅ ካለ ቴሌቪዥኑ ነው የሚውጠው።

አሁን ሌሊት ነው። ወጥ ቤቱ ጨለማ፤ ፍሪጁ ሃምሳ ይላል።
ጣቴ ጠረጴዛው ላይ የሌለ ቁልፍ ወደ ላይ ይገፋል።
«ማዳም፣ ሐሙስ ማታ...»
በዛ።
ትንሽ ቀነስ።
«ማዳም...»