ከዳሩ አንድ ክንድ

ነዳጅ ጠፍቶ ባጃጅ ዋጋ በጨመረበት፣
ደሞዜ መንገድ ላይ አልቆ ባዶ ሲገባ ቤት፣
በሚያዝያ መጨረሻ፣ በአርባ ሦስት ዓመቴ
ብስክሌት ገዛሁኝ፤ ሳቀች ጎረቤቴ።
«እናንየ ምን ነካት? ልጅነት ዞረባት?
ወይስ ለዚያ እግሯ መሬት አነሰባት?»
ዝም አልኩ። መዝገብ ቤት ሃያ ዓመት ስሠራ
አፌ አልለመደም ጮክ ብሎ ሊያወራ።

ከገበያው ኋላ፣ ከጎማው ክምር ሥር
አንለይ አለ ሁሌ፣ ሰንሰለት ሲያሳጥር፤
ጣቱ በግሪስ የጠቆረ፣ ወሬው ግን የጸዳ፣
ብስክሌት ለገዛ ምክር ያለ ዕዳ።
«ቀኝሽ የኋላው ነው፣ ግራሽ የፊተኛው፤
ሁለቱን አብረሽ ያዥ፣ አይቅደም አንደኛው።
የፊቱን ለብቻ ድንገት ያነቀ ሰው
ሳይወድ በአስፋልት ነው ፊቱን የሚያብሰው።
ጎማውን አትይው፤ ወደ ሩቅ ነው ማየት፤
ጉድጓድ ላይ የቀረ ዓይን ጉድጓድ ነው ሚከት።»

ሁለት እሑድ ሙሉ በትምህርት ቤት ሜዳ
ወደቅሁ፣ ተነሣሁ፣ እንደ ሰከረ እንግዳ፤
ጉልበቴ ተላጠ፤ ቀሚሴም ተጎዳ።
የነጠላዬን ጫፍ ሰንሰለቱ በላ፤
ከዚያ ወዲህ ታስሯል ወገቤ ላይ፣ ከኋላ።

ሰኞ ዐሥራ ሁለት ሰዓት፣ ሐይቁ ገና ሳይነቃ፣
የሞተረኛ ወንድሜን ሄልሜት ተሸክሜ እንደ ዕቃ
ወጣሁ።
ዳር ዳሩን ሄድኩ።
ልጅ ሆኜ የተማርኩት፣ አግብቼም የኖርኩት፣
በመሥሪያ ቤት ስብሰባ በር ሥር የያዝኩት
ያው ዳር ነው። ከተማዬም በስሟ ዳር ናት፤ ባሕር ዳር።

ዳር ግን ለካ ሜዳ አይደል። የጠርሙስ ስባሪ አለ፤
የዘንባባ ዝንጣፊ አለ፣ አፈር የመሰለ፤
የቆመ ሚኒባስ በሩ ድንገት ተበረገደ፣
ድፍረቴም ከነሄልሜቱ ወደ ቱቦው ወረደ።
ለወደቀ ዛፍ ምሳር መቼ ጠፍቶ!
አንዱ «ተይው» አለኝ፣ አንዱ ጥርሱን ከፍቶ።

ማታ አንለይ አልሳቀም። መሪውን በጉልበቱ ይዞ
አቃናው፤ ከዚያ በኋላ ተናገረ ተክዞ፦
«ዳሩን ያዥ ማን አለሽ? ዳሩ የጎርፍ ነው፣ የጠርሙስ፤
አንቺን መች ያይሻል ከዚያ ሆነሽ ሚኒባስ?
ከዳሩ አንድ ክንድ ግቢ። እንዲያዩሽ ነው እንጅ መሄድ።
ቀጥ በይ፤ እባብ አትሁኚ፤ መንገድሽ ይሁን አንድ።
በትከሻሽ ላይ ዞረሽ ኋላሽን እይና
እጅሽን ዘርጊ፤ ያኔ ይከፈታል ጎዳና።
የባጃጅ መብራቱን ተይ፤ ነጅውን ነው የምታይው፤
ዓይኑ ካልገጠመሽ አደባባዩን ተይው።
ለሲኖትራክ ግን ልቀቂ። እሱ ወንድምም የለው።»

በነጋው አንድ ክንድ ገባሁ።
ከኋላዬ ጥሩምባ፤ አንዴ፣ ሁለቴ፤
ልቤ ወደ ቱቦው፣ ዓይኔ ወደ ፊቴ።
ዘንባባ ቆጠርኩ፤ ሦስተኛ፣ አራተኛ፣ አምስተኛ፤
መኪናው ዞሮኝ አለፈ። ለካ መንገዱም ሁለት ያስተኛ!
አደባባዩ ላይ አንድ ባለባጃጅ ልጅ ዓይኔን አየ፤
በአገጩ «እለፊ» አለና ፍሬን ይዞልኝ ቆየ።
ሃያ ዓመት ሙሉ የሰው መዝገብ ሳጣራ
ያን ቀን ነው ለራሴ የደረሰኝ ተራ።

አሁን ሰኔ ነው። ዶፍ ሲወርድ አልደፍርም፤
ወርጄ እገፋለሁ፤ መግፋት አያሳፍርም።
ማለዳ ጎማውን በአውራ ጣቴ እጫናለሁ፣
ፍሬኑን እሞክራለሁ፣ ከዚያ እወጣለሁ።
አንለይ ከኋላ ቀይ መስታወት ሰካልኝ፤
ሲመሽብኝ ደግሞ ዲናሞው አለልኝ።

ደወሉን ግን ገና አልነካሁትም ነበር፤
ሰው ማስደንገጥ መስሎኝ፣ መጮህ፣ ማስቸገር።
ትናንት ድልድዩ ላይ፣ ሦስት ሴቶች በአንድ ጃንጥላ
መንገዱን ሞልተው ሲያወጉ፣ እኔ ከኋላ፣
አውራ ጣቴ ሄደ። ቅጭል!
ዞሩ። ከመሃል ያቺ ጎረቤቴ
«እናንየ፣ አንቺ ነሽ?» ስትል፣
«እኔ ነኝ!» አለላት ሳላዘው አንደበቴ፤
ድልድዩ ሙሉ ሰማኝ።
ፍሬን አልያዝኩም።