ሁለት ቀን በትዊዝል

ከሰሜን ጫፍ ተነሥቼ፣ ሁለት ሺህ ኪሎ ሜትር አልፌ፣
ረግረጉን በጉልበቴ፣ ወንዙን በወገቤ ቀዝፌ፣
አንድም ቀን ያልከዳኝ እግር፣
ከትዊዝል ሱቅ ደጃፍ ሲደርስ ጀመረው መንቀጥቀጥ፣ መቸገር።
ሦስት እርከን ናት ደረጃዋ፤
ከተራራው ሁሉ ባሰ ዳገቷ።

እዚያው ዘርፈጥ ብዬ አንድ ሙሉ ዳቦ ጨረስሁ፣
ቢላዋ ፍለጋ ሰንፌ ቅቤውን በጣቴ ላስሁ።
አንዲት ሕፃን አፏን ከፍታ፣
"ሴትዮዋ ምን ሆና ነው?" አለች፣ የእናቷን ቀሚስ ጎትታ።
"ከመንገድ ናት" አለች እናት፣
ሌላ ማብራሪያ ሳያሻት።

ልብስ ማጠቢያው ቤት አምስት ማሽን አለው፤ ሁለቱ አይሠሩም።
ያለኝን ልብስ በሙሉ አንዱ ውስጥ ከተትሁና፣
በዝናብ ካፖርት ብቻ ቀረሁ።
ሰማይ ላይ አንዲት ደመና የለች፣ እንኳን ለዝናብ፣ ለናሙና።
ከጎኔ ቼኩ ዝዴኔክ፣ እሱም በዝናብ ልብሱ፣
ጥፍር የለሽ ጣቱን እያየ፣ ላብ ይንቆረቆራል ከራሱ።
"ዝናብ ሊመጣ ነው እንዴ?" አለን አንድ ገበሬ፣ በመስኮት፤
ዝዴኔክ ቀና ብሎ አየና "አይታወቅም" አለው፣ በኩራት።

የቤቱ ባለቤት ናይሪ፣ ሰባ ያለፋት፣ መንማና፣
የማሽኑን ማጣሪያ ትፈታለች በጉልበቷ ተንበርክካ፤
ጥቁር አሸዋ፣ የሣር ዘር፣ የማላውቀው ቅጠል ስባሪ
ጠርጋ ቆርቆሮ ውስጥ ትከታለች፣ እንደ ገንዘብ ቆጣሪ።
"መንገዱ በደጅሽ ሲያልፍ፣ ሄደሽበት አታውቂም?" አልኋት።
"እኔ? ሳይከፈለኝ? አንድ ቀን!
ግን አውቀዋለሁ። ዐሥራ ሁለት ዓመት በቧንቧዬ ወርዷል፤
ቀዩ ከወዲያኛው ደሴት፣ ግራጫው ከወንዝ ይመጣል።"

ማታ አልጋው አላስተኛኝ፤ ለስላሳ ነው፣ ያሰምጣል፤
ጎኔ ድንጋይ ለምዷልና ድንጋይ ፍለጋ ይዞራል።
ወለሉ ላይ ወርጄ ተኛሁ።
እግሮቼ ግን አልሰሙም መድረሳችንን፤
ሌሊቱን ሙሉ በብርድ ልብስ ውስጥ ሲወጡ አደሩ ዳገቱን።

ለእኅቴ "ዛሬ ዐረፍሁ" ብዬ ጽፌ ልልክ ስል፣
እጄን ያዘኝ አንድ ነገር፤ ይህ ቃል ለሞተም ይባላል።
ሰረዝሁ። "ቆምሁ" ብዬ ጻፍሁ፤ እሱም የተሸነፈ መሰለ።
በመጨረሻ "ጫማዬ ተቀደደ" ብዬ ላክሁ፣
የእግሬ ይሁን የቆዳው፣ ሳልለይላት ተውሁ።

በማግስቱ ዶፍ ወረደ። አሁሪሪ ሞላ አሉ፤
ድልድይ የለውም፤ የቸኮሉ በዚያው ይሄዳሉ።
"ምን ዓይነት ዕድል ነው!" ብዬ በሰው ፊት ተማረርሁ።
ውሸቴን ነው።
ትምህርት እንደ ቀረላት ልጅ ነበር ውስጥ ውስጡን የፈነደቅሁ።

ከቀትር በኋላ ያ ገበሬ በሩን በክርኑ ገፍቶ፣
ደርዘን እንቁላል በባርኔጣው ይዞ፣ ከነጭቃው ገብቶ፣
"ካፖርታችሁን አምኜ ድርቆሼን ትናንት ከተትሁ፤
ጎረቤቴ ሬዲዮ አመነ። የሱ በሰበሰ፣ እኔ ዳንሁ" አለ።
ዝዴኔክ አሁንም ሰማዩን አይቶ፣
"አይታወቅም" አለ በነቢይ ትሕትና፣
እጁን ግን ወደ እንቁላሉ ዘርግቶ።

ናይሪ ድንች ጨመረችበት፣ ከጓሮዋ የነቀለችውን።
"ያን ሁሉ አሸዋ የት ትደፊዋለሽ?" ብላት፣
በሹካ ጠቆመችኝ ሳህኑን።
"ድንቹ ይወደዋል።"
እኔም ዝም ብዬ በላሁ፤
ሁለት ሺህ ኪሎ ሜትሬን በጨው እያጠቀስሁ።

በሦስተኛው ቀን ማለዳ ወንዙ ጎደለ ተባለ።
ዝዴኔክ ጉልበቱን አሽቶ "ነገ" አለ፤ ነገን እኔም ወደድሁት፣
ግን ቦርሳዬ ጀርባዬ ላይ ነበረ።
ካልሲዬ ነጭ ነው፤ የሌላ ሰው ይመስላል።
አንድ ኩሬ ዞርሁለት። ሁለተኛውንም ዞርሁ።
ሦስተኛው ላይ ዘው አልሁ፣ እስከ ቁርጭምጭሚቴ፣
ወደ ናይሪ ደጅ ዘወር ብዬ፦
ይኸው፣ ለድንችሽ።