ውሃ ሲወቀጥ

ወንጂ ማዞሪያ ላይ፣ ጎሚስታውን አልፎ፣
አፈሩ ዘይት ጠጥቶ፣ ጠቁሮ፣ ጠግቦ፣ ተርፎ፣
በቆርቆሮ የታጠረ ጠባብ የጋራዥ ግቢ፤
እኔ ኢፍቱ እዚያ ነኝ፤ ቺያቬ አቀባይ፣ የወደቀ ቡሎን ሰብሳቢ።
ከተርባይኖቹ ያመለጠ ነፋስ አቧራ ጭኖ ሲመጣ፣
«ይሄም ፈሳሽ ነው» ይላል ሆርዶፋ፣ «ምንም እንኳ ባይጠጣ።»

ዘጠነኛ ክፍል፣ ሳልወጣ ከትምህርት፣
መምህሩ ጽፈው ነበር በጠመኔ፦ «ፈሳሽ ማለት
የራሱ ቅርጽ የሌለው፣ የዕቃውን የሚይዝ ነው።»
ቀዳሁት። ፈተና ላይ መጣ። አገኘሁበት ሁለት።

ሆርዶፋ ግን ድንጋይ አንስቶ በጎኑ ገፋው፤
«ይሄ እምቢ ይላል» አለኝ፤ «ቅርጹን እምቢታው ነው ያተረፈው።
ፈሳሽ ለገፋው ሁሉ እሺ ነው መልሱ፣
የሚለየው ፍጥነቱ ነው እንጂ፣ አይደለም እሺታው ራሱ።
ቤንዚን እሺ ይላል ጥያቄው ሳይጨረስ፤
የወንጂ ሞላሰስ ከበርሜል አፍ ሲፈስ፣
እንደ ቀበሌ ጸሐፊ ነው፦ እሺ ብሎ፣ ነገ ብሎ፣ ሲያመላልስ።»

ነሐሴ፣ ማክሰኞ ረፋድ፣ አንድ አይሱዙ ገባ፣
ከመቂ ቲማቲም የጫነ፣ በጎኑ ቀይ የሚያነባ።
ሾፌሩ ጂሎ ይባላል፤ ከንፈሩ ደርቋል፤
«ከሞጆ ስወርድ፣ መግቢያው ቁልቁለት ላይ፣ ፔዳሉ ጠልቋል።
ረገጥኩት፤ ትራስ ሆነ። ደግሜ ረገጥኩት…»
አለና አልጨረሰውም።
አንድ ቲማቲም አንስቶ በሸሚዙ ጠረገና
ሳይበላው፣ እንደያዘው፣ ጎማ ላይ ተቀመጠ።

«አየር ገብቶበታል» አለ ሆርዶፋ።
ካርቶን አንጥፎ በጀርባው ከመኪናው ሥር ጠፋ።
እኔ ጋቢና ወጣሁ።
«ርገጪ!» ረገጥኩ። «ያዢ!» ያዝኩ። «ልቀቂ!»

ውሃ ቢወቅጡት መልሶ እንቦጭ፣ ትላለች እናቴ፤
ይሄን ስነግረው ሳቀ፤ ሳቁ መጣ ከብረቱ ማህል ወደ እኔ፦
«ሙቀጫው አፉን ከፍቶ ነዋ፣ ውሃው ዘሎ የወጣ!
ክደኚው። መውጫ ንሺው። ከዚያ ውቀጪና ጉዱን እይ፣ ምን እንደመጣ።
አይደቅም፣ አይጠብም፤ የመታሽውን ምት
አንዲት ሳንቲም ሳይቆርጥ ያደርሰዋል ለአራቱም ጎማ እኩል።
በዚህ ቀጭን እግርሽ፣ እርሳስ በምታክል ቱቦ፣
ይሄን ሁሉ ቲማቲም ታቆሚያለሽ።
አየር ግን ሌላ ነው ልቡ፤
ሲጫኑት ይታጠፋል፣ ጉልበትሽን ተቀብሎ
ከራሱ ጋር ያስቀምጠዋል።
አደራ በላ ነው። ርገጪ!»

በሃይላንዱ ጠርሙስ ውስጥ፣ ከዘይቱ ሥር፣ ብልቅ አለ፤
አንዲት አረፋ። ሽምብራ ብታክል ነው።
ያቺ ነበረች ለካ
ጂሎን ከነጭነቱ ቁልቁል የጠራችው።
ጂሎ አጎንብሶ አያት፤ ፈነዳች። የሚያየው አጣ።

አምስተኛው ላይ፣ ከእግሬ ሥር፣ ፔዳሉ ድንገት ጸና፤
አጥንት ሆነ።
ቅርጽ የለውም የተባለው፣ ለሁሉም እሺ የሚለው፣
መውጫ ባጣ ጊዜ
እምቢ አለኝ።
ወዛደር ነኝ፤ ብዙ እምቢ ሰምቻለሁ፤
እንደዚህ ደስ ያለኝ የለም።

ጂሎ ሂሳቡን ከፍሎ፣ አንድ ሳጥን ቲማቲም ጥሎልን ሄደ፤
ከመዞሪያው ሳይደርስ ሦስት ጊዜ ፍሬን ያዘ፣ ያለ ምክንያት።

ማታ ዘነበ። ጋራው ያጠራቀመውን ለቀቀው፤
ጎርፍ አድራሻ አይጠይቅም፣ ዝቅ ያለውን ቤት ያውቀዋል፤ የእኛን ደግሞ ከሁሉ አስቀድሞ አወቀው።
እናቴ በሩ ላይ ጆንያ ስትጎዝጉዝ ደረስኩ፤
«መውጫ ንሺው…» ብዬ ትምህርቴን ጀመርኩ።
«የጠየቀሽ የለም» አለች፤ «ባልዲውን አቀብዪኝ።»

የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም ይላሉ።
ስናፍስ አደርን።